ስላይስ ያስቸገረው ምን ይግዛ? ‹‹ድሮው›› ድራይቨር፣ ሚኒ ድራይቨር እና አሰልጣኝ ሲወዳደሩ

ስላይስ፣ ማለትም አየር ላይ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ኳስ፣ ለያዘው ጎልፍ ተጫዋች የሚሸጥ ነገር አይጠፋም። ኳስ ወደ ግራ እንዲመልስ ተብሎ የተሠራ ‹‹ድሮው›› (draw) ድራይቨር አለ፤ ድራይቨር ኳሷን ሩቅ ለመላክ የሚያዘው ረጅሙ ዱላ ነው። ብሎኑ እየተፈታ የሚስተካከል አለ። አጠር ያለ ሚኒ ድራይቨር አለ። በሰዓት የሚከፈለው አሰልጣኝም አለ። ሌላው ቀርቶ አየር ላይ ራሷን የምታቀና ኳስ ሳትቀር አለች፤ ፖላራ ትባላለች፣ በውድድር ሕግ ግን አትፈቀድም። ሁሉም ‹‹ስላይስ ይቀንሳል›› ተብሎ ነው የሚሸጠው። ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ጥያቄው የማንን ስላይስ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ቅዳሜ ጠዋት በሕዝብ ሜዳ ለሚጫወት ሰው ነው። የምጠራው ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ያለው ነው፤ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነውና። የማወራውም ስለ ቀኝ እጅ ተጫዋች ነው። ግራኝ የሆናችሁ ሁሉንም ገልብጡት።

ከመግዛት በፊት፦ ኳሷ ወዴት ነው የምትነሳው?

ስላይስ የሚመጣው ኳሷ በምትመታበት ቅጽበት የዱላው ፊት ወደ ቀኝ ተከፍቶ ሲገኝ ነው። ተከፍቶ ስል ከዒላማው አንጻር ሳይሆን ዱላው ከሚሄድበት መስመር አንጻር ነው። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። ምን ያህል እንደምትታጠፍ የሚወስነው ደግሞ በፊቱና በመስመሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ድሮ የሚያስተምሩት በተቃራኒው ነበር፤ እንደ ትራክማን ያሉ የኳስን በረራ የሚለኩ ራዳሮች መጥተው ነው ነገሩን ያጠሩት።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስላይስ አለ። አንደኛው ኳሷ ወደ ግራ ተነስታ ወደ ቀኝ የምትታጠፍበት ነው። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ፣ ለምሳሌ 6 ዲግሪ ወደ ግራ እየሄደ፣ ፊቱ ግን 1 ዲግሪ ብቻ ወደ ግራ ያያል። በመካከላቸው 5 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ ያ ነው የሚያጣምማት። ሁለተኛው ኳሷ ገና ስትነሳ ወደ ቀኝ ሄዳ ጭራሽ ወደ ቀኝ የምትብስበት ነው። እዚህ የዱላው መስመር ደህና ሊሆን ይችላል፤ ፊቱ ነው የተከፈተው።

ሦስተኛም አለ፤ እሱን ብዙ ሰው አያውቀውም። የድራይቨር ፊት በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው። ኳሷን በተረከዙ በኩል፣ ማለትም ወደ ሻፍቱ (ወደ ዱላው ዘንግ) በቀረበው ጎን ስትመቷት የዱላው ጭንቅላት ይዞርና ኳሷ ወደ ቀኝ የሚያጥፍ ሽክርክሪት ታገኛለች። መስመራችሁም ፊቱም ደህና ሆኖ ኳሷ ስላይስ ልታደርግ ትችላለች ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ከፋርማሲ የእግር ዱቄት ስፕሬይ ግዙ፤ ጥቂት ዶላር ነው። ሬንጅ (መለማመጃ ሜዳ) ላይ የዱላውን ፊት ስስ አድርጋችሁ ንፉበት፤ ነጭ ይሆናል። አንድ ኳስ ምቱ። ነጩ ላይ ክብ ምልክት ይቀራል፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የኳሷ ጉድጓዶች ሳይቀሩ ታትመው ታገኛላችሁ። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ እንደገና ንፉ፣ ድገሙ። ምልክቱ ወደ ተረከዙ እየተከማቸ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ጎን ለጎን ጓደኛ ከኋላችሁ ቆሞ ኳሷ ስትነሳ ወዴት እንደሆነ ይንገራችሁ። እናንተ መጨረሻዋን ብቻ ነው የምታዩት፤ ዛፍ ውስጥ ስትገባ።

‹‹ድሮው›› ድራይቨር

እነዚህ ኳሷን ወደ ግራ እንዲያደሉ የተሠሩ ናቸው። አምራቹ ፒንግ ኤስኤፍቲ ይለዋል፤ ጂ425፣ ጂ430 እያለ በየትውልዱ አውጥቶታል። ቴይለርሜድ በ2021 ሲም2 ማክስ ዲ፣ በ2022 ስቴልዝ ኤችዲ ነበረው። ካላዌይ ሮግ ኤስቲ ማክስ ዲ፣ ቀጥሎ በ2024 አይ ስሞክ ማክስ ዲ አወጣ። ስሙ ይለያይ እንጂ ዘዴው ተመሳሳይ ነው። ክብደቱን ወደ ተረከዙ ያስጠጉታል፤ ያኔ ጭንቅላቱ ቶሎ ይዘጋል፣ ማለትም ፊቱ ወደ ግራ ይዞራል። አንዳንዱ ላይ ሻፍቱ በትንሹ ቀደም ብሎ ተተክሏል። አንዳንዱ መሬት ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ዘጋ ያለ ሆኖ ይታያል።

ምን ያህል ይረዳል? በአማካይ ከ10 እስከ 20 ያርድ ብትጠብቁ ነው የሚሻለው። ኳሷ 15 ያርድ ወደ ቀኝ ለምትታጠፍበት ሰው ይህ ማለት ፌርዌይ (ሣሩ የታጨደው የሜዳው መሀል) ነው። 50 ያርድ ለምትታጠፍበት ሰው ግን ኳሷ ሌላ ዛፍ ስር ትገኛለች እንጂ ጫካው ያው ጫካ ነው።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ድሮው ድራይቨር ፊቱን ይዘጋል፤ የዱላችሁን መስመር አይነካም። ኳሳችሁ ወደ ቀኝ የምትነሳ ከሆነ ልክ እናንተን ብለው የሠሩት ዱላ ነው፤ አታመንቱ። ወደ ግራ ተነስታ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ከሆነ ግን ፊቱ ድሮም ወደ ግራ ነበር የሚያየው። አሁን የባሰ ወደ ግራ ያያል። ኳሷ መታጠፏን ትቀንስና ወደ ግራ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ይኸው ነው የደረሰበት። ‹‹ወንድሜ፣ 600 ዶላር ከፍዬ የግራውን ጫካ ገዛሁ›› አለኝ። ዱላው ምንም አልሆነም፤ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ አዲሱ ሞዴል 550 እስከ 650 ዶላር ነው። ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ያገለገለ ብትገዙ 150 እስከ 250 ዶላር ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ያን ያህል ያስከፍላል? ለእኔ አያስከፍልም። የድራይቨር ጭንቅላት ከ460 ኩብ ሴንቲሜትር በላይ እንዳይሆን ሕጉ ይገድባል፣ ፊቱ ኳሷን የሚያፈናጥርበት ኃይልም ገደብ አለው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሁሉም ጣራው ላይ ናቸው።

የሚስተካከለው ድራይቨር

ዛሬ አብዛኛው ድራይቨር አንገቱ ላይ ብሎን አለው። ከዱላው ጋር የሚመጣውን መፍቻ ታስገባላችሁ፣ ትፈታላችሁ፣ ሻፍቱን ታዞራላችሁ፣ ‹‹ቀጭ›› እስኪል ታጠብቃላችሁ። ቴይለርሜድ 12 አቀማመጥ አለው፣ ሎፍቱን (ፊቱ ወደ ላይ ያጋደለበትን ዲግሪ) እስከ 2 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ፒንግ 8፣ ታይትሊስት 16 አለው።

ለስላይስ የሚሆነው ሎፍቱን ከፍ ማድረግ ነው። ዱላውን መሬት ላይ እንደ ራሱ ካስቀመጣችሁት ፊቱ ዘጋ ይላል። በእጃችሁ ወደ ቀጥታ ከመለሳችሁት ደግሞ እውነተኛ ሎፍት ይጨምራል፤ ሎፍት ሲጨምር ኳስ የመታጠፍ ጉልበቷ ይቀንሳል። በሁለቱም ታተርፋላችሁ። ለዚህ ነው 9 ዲግሪ ይዞ ስላይስ የሚያለቅሰውን ሰው ሳይ መጀመሪያ 10.5 ወይም 12 ሞክር የምለው። ባለሙያዎቹ 9 ስለያዙ ነው የያዘው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እንደ ፒንግ ጂ430 ማክስ ወይም ታይትሊስት ቲኤስአር3 ያሉት ደግሞ ክብደቱን ከተረከዝ ወደ ጫፍ፣ ከጫፍ ወደ ተረከዝ ማንቀሳቀስ ያስችላሉ። ከድሮው ድራይቨር ያነሰ ነው የሚረዱት። ግን ነገ ምታችሁ ሲስተካከል ወደ መሀል ትመልሱታላችሁ፤ ድሮው ድራይቨሩን ግን ያኔ ልትሸጡት ነው። ትምህርት ለመጀመር ላሰበ ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ብቻ ጨዋታ መሀል ብሎኑን እንዳትነኩ፤ ሕጉ አይፈቅድም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2024 ቴይለርሜድ ኪውአይ10 ማክስን፣ ፒንግም ጂ430 ማክስ 10ኬን ሲያወጡ ‹‹10 ሺህ›› የሚል ቁጥር ገበያውን ሞላው። ያ ቁጥር ጭንቅላቱ ከመሀል ውጭ ሲመታ በሁለት አቅጣጫ ምን ያህል መዞርን እንደሚቋቋም ተደምሮ የመጣ ነው። ምልክታቸው ፊቱ ላይ ተበታትኖ ለሚገኝ ሰዎች በእርግጥ ይጠቅማል። የተከፈተ ፊት ግን አይዘጋም። ለስላይስ ብላችሁ ይህን አትግዙ።

ሚኒ ድራይቨር እና 3 ዉድ

ተረከዙን ለሚመቱት ይህ ክፍል ነው ዋናው። የዛሬ ድራይቨር ርዝመት 45.5 ኢንች አካባቢ ነው። እንደ ቴይለርሜድ በርነር ሚኒ ያለው 43.75 ኢንች ነው፣ ሎፍቱም 11.5 ወይም 13.5 ነው። አጭር ዱላ መሀሉን ማግኘት ይቀላል፣ ሎፍቱ ደግሞ ኳሷን ከመታጠፍ ይይዛታል። ርቀት ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን ፌርዌይ ላይ ያለች ኳስ ናት። ችግሩ ዋጋው ነው፤ አዲሱ 450 ዶላር አካባቢ ነው። ከድራይቨር አጠር ያለው ዱላ፣ ያገለገለ 3 ዉድ፣ ከ100 ዶላር ትንሽ ወጣ ወረድ ብሎ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ከቲ ላይ (ለመጀመሪያው ምት) ብቻ ለምትጠቀሙበት ሰዎች ሚኒውን አልመክርም።

ከዚያ በፊት ደግሞ በነጻ የሚሆን አለ። ድራይቨራችሁን አንድ ኢንች ዝቅ ብላችሁ ያዙና በስፕሬዩ እንደገና ሞክሩት። ምልክቱ ወደ መሀል ከመጣ ሻፍቱን ማሳጠር ወይም እንደዚያው መያዝ ይበቃችኋል።

አሰልጣኝ

አንድ ሰዓት ከ70 እስከ 150 ዶላር ያስከፍላል። ኳሷ ወደ ግራ ተነስታ ለምትታጠፍበት ሰው ከዚህ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። የዱላን መስመር የሚቀይር ብሎን እስካሁን አልተሠራም።

ጥሩ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚያየው አያያዛችሁን ነው። ዱላውን ይዛችሁ ወደ ታች ስታዩ ከግራ እጃችሁ ስንት የጣት አንጓ ይታያችኋል? አንድ ብቻ ከሆነ እጃችሁን ወደ ቀኝ ዞር አድርጋችሁ ሁለት ተኩል፣ ሦስት እስኪታይ ያዙ። ይህ ብቻውን የብዙ ሰው ፊት ይዘጋል። ቀጥሎ ትከሻችሁን ያያል፤ ስላይስ ያለበት ሰው ስላይሱን ፈርቶ ወደ ግራ ያነጣጥራል፣ ወደ ግራ ሲያነጣጥር መስመሩ ይበልጥ ይቆርጣል፣ ስላይሱ ይብሳል። ከዚያ የድራይቨሩን ሽፋን ከኳሷ ወደ ውጭ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያስቀምጥላችኋል። ከውጭ ከመጣችሁ ሽፋኑን ትመቱታላችሁ። እስከምትለምዱት ያናድዳል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ልምምድ ይፈልጋል። በወር አንዴ ለሚጫወትና ሬንጅ ለማይሄድ ሰው አንድ ሰዓት ትምህርት በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ የምትነሳ ከሆነ ድሮውን ገዝቶ ቢደሰት ይሻለዋል። ይህን የሚነግሯችሁ አሰልጣኞች ጥቂት ናቸው።

በኪሳችሁ ልክ

200 ዶላር ካላችሁና ኳሷ ወደ ቀኝ የምትነሳ ከሆነ ያገለገለ ድሮው ድራይቨር። ወደ ግራ የምትነሳ ከሆነ ሁለት ሰዓት ትምህርት፣ በያዛችሁት ዱላ። ተረከዝ ከሆነ ያገለገለ 3 ዉድ፣ ቀሪውን ኪስ ውስጥ።

400 ዶላር ካላችሁ ያገለገለ የሚስተካከል ድራይቨርና ሁለት ሰዓት ትምህርት። ከ600 ዶላሩ አዲስ ዱላ ይህን ነው የምመርጠው፣ ለማንኛውም ዓይነት ስላይስ።

ያገለገለ ስትገዙ ጭንቅላቱን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ የሚንኳኳ ካለ የተላቀቀ ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። አናቱ ላይ ከፊቱ ጠርዝ ጀምሮ ስንጥቅ እንዳለ በጥፍር ዳብሱት። ብሎኑ ያለ ትግል መፈታት አለበት። መፍቻው አብሮ ካልመጣ ለዱላው የትኛው መፍቻ እንደሚሆን ጠይቁ። አንገቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር እዩ። የዘንድሮ ሞዴል ‹‹አዲስ›› ተብሎ በግማሽ ዋጋ ከግለሰብ ከቀረበላችሁ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ የታወቁት ብራንዶች ኮፒ ገበያው ላይ በብዛት አለ። ከመደብር ከሆነ የምትገዙት፣ ሜዳ ላይ ሞክራችሁ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚሰጧችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁና ደረሰኙ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። በመደብር ውስጥ ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ መረብ ላይ የምትመቱት ምት፣ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ በስተቀኝ እያያችሁ ከምትመቱት ጋር አንድ አይደለም።