የእንባ ቤተ መንግሥት፣ በርሊን

በርሊን ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህን ሙዚየም ነው። ፍሪድሪሽሽትራሰ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ በመስታወት የተሠራ አዳራሽ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ሰኞ ግን ዝግ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አራቱ አሸናፊ መንግሥታት ከተማዋን ተከፋፈሏት። ብዙም ሳይቆዩ ሶቪየት ኅብረት በአንድ ወገን፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ በሌላው ሆነው ተኳረፉ፤ ይህ ኩርፊያ ቀዝቃዛው ጦርነት ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 በሶቪየት ወገን የነበረችው ምሥራቅ ጀርመን ምሥራቅ በርሊንን ከምዕራብ በርሊን የሚለየውን ግንብ ሠራች። አዳራሹ የተከፈተው በ1962 ነው። ከምሥራቅ በርሊን ወደ ምዕራብ የሚመለስ እንግዳ እዚህ ይፈተሽ ነበር። መሻገር የማይፈቀድለት ዘመዱ በሩ ላይ ተሰናብቶት ይቀር ነበር። እናትና ልጅ እንዲህ ሲለያዩ ማሰብ አንጀት ይበላል።

ሌላውን ብታልፉት እንኳ የፓስፖርት መቆጣጠሪያዋን ኬላ እንዳታልፏት። ያኔ የነበረችው ራሷ ናት። በጣም ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም። በአንድ በኩል የጠባቂው መስኮት፣ በሌላው በኩል ባዶ ግድግዳ። ውስጧ ስቆም ደረቴ ተጨነቀ። የቀዝቃዛው ጦርነት ፖለቲካ ተራ ሰው ላይ ምን እንዳደረሰ የገባኝ እዚያ ነው።

ከፍ ከፍ ያሉ ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። አንድ ሰዓት ይበቃል።