ባለ ማዞሪያ ስልክ ለቤት፦ የደብረ ማርቆሷ ሱቅና የእኔ ስልኮች

ደብረ ማርቆስ ገበያው አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ሬዲዮ ይጠገንባታል፣ አሮጌ ዕቃም ይሸጥባታል። ስሟን አልጽፍም፤ ባለቤቱ ሰው ሲበዛበት ይነጫነጫል። ማርቆስ ያላችሁ ጠያይቃችሁ አታጧትም። በሯ ላይ ፋኖስ፣ የከሰል ካውያና ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ ተደርድሯል። ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ላይኛው ረድፍ ደግሞ ጣት ከትተን እናዞረው የነበረው ስልክ አለ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ሱቋንም ስልኮቹንም፣ ቤት ከገቡ በኋላ ይዘውት የሚመጡትን ጣጣም እጨምራለሁ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ከታይፕ መኪናው ቀጥሎ የሚቀመጠው ይሄው ስልክ ነበር። ስለዚህ ቡፌ ላይ ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ስልክ አይዋጥልኝም። የማይደውል ስልክ ምን ያደርግልኛል? ሱቋንም ዕቃውንም የመዘንኩት በዚህ ነው።

ዕቃው ብዙውን ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ነው። የቀረውን ቆራሌው ያመጣለታል። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ምርጫው ይሰፋል። ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ዓባይን ወርዶና ወጥቶ፣ የማይሠራ ስልክ ታቅፎ መመለስ አለ። እዚህ ቢያንስ ካልሠራ በማግስቱ ይዤው እመጣለሁ። ሰውዬውም ያውቀዋል።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር። ሰውዬው ጥቁሩን ስልክ የጫማ ቀለም ይቀባዋል። ከሩቅ ሲያዩት እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የነጠላዬን ጠርዝ ምራቅ አስነክቼ ፈተግ ሳደርገው ጥቁር ይዞ ወጣ። ከቀለሙ ሥር፣ ከመነጋገሪያው ማስቀመጫ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ነበር።

«እትዬ፣ እሷኮ ጭረት ናት» አለኝ።

«ጭረትማ ጥፍር አያስይዝም» አልኩት። ሳቀ። ዋጋውንም ቀነሰ። እኔ ግን ያንን ትቼ ሌላውን ወሰድኩ።

ስንጥቅ ላይ ችክ የምለው በምክንያት ነው። የድሮው ጥቁር ስልክ አካል የተሠራበት ነገር ባክላይት ይባላል። ሊዮ ቤክላንድ የሚባል ቤልጅግ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ኬሚስት በ1907 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። አንዴ ከደረቀ በኋላ እሳት አያቀልጠውም። የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ብረት እንደሚያያይዙት ማያያዝ አይቻልም። ስንጥቁ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ሲወድቅ ለሁለት ይከፈላል፤ በቃ። በሙጫ የተጣበቀ ካያችሁም ዋጋውን አስቀንሱ።

አሁን ወደ ምስጋናው። ሰውዬው ሳይሞክር አይሸጥም። ሱቁ ውስጥ የስልክ መስመር ስለሌለው በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሞክራል። ከስልኩ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ባትሪው ላይ ያስነካና መነጋገሪያውን ይሰጠኛል። «እፍ ይበሉበት» ይላል። ማይኩ ደህና ከሆነ የራሴ ትንፋሽ በማዳመጫው በኩል ተመልሶ ይሰማኛል። ማዞሪያውን ሲያዞረው ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ካልሰማሁ ወዲያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የድሮው ማይክ ውስጥ ያለው የከሰል ደቃቅ ነው። ድምፅ ሲጫነው ደቃቁ ይጠጋጋል፣ የኤሌክትሪኩ ጅረትም በደንብ ያልፋል። ለዓመታት ሳይነካ ከተቀመጠ ግን ይጋገራል። መነጋገሪያውን መዳፍ ላይ ቸብ ቸብ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ዋናው ፈተና ማዞሪያው ነው። ይህንን ለማንም ሻጭ አትተዉት፣ ራሳችሁ አድርጉት። 0 ላይ ጣታችሁን ክተቱ። ጣት እስከምታቆመው ብረት ድረስ አዙሩና ልቀቁ። በሞባይላችሁ ሰዓት ያዙ። ማዞሪያው ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ቆረጥ ቀጠል ያደርጋል። 1 ከሆነ አንድ ጊዜ፣ 5 ከሆነ አምስት ጊዜ፣ 0 ከሆነ አሥር ጊዜ። ስለዚህ 0 ለመመለስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ትንሽም ቢያልፍ ነው። ሁለት ሰከንድ ከወሰደ፣ ወይም መንገድ ላይ እያነከሰ ከመጣ፣ የተደወለው ቁጥር ሌላ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ወይ ጭራሹን አይደርስም።

የሚያነክስበትን ምክንያት ሰውዬው ከፍቶ አሳየኝ። ከማዞሪያው ጀርባ ሞላ አለ። ስናዞር የሚጠነጠነው እሱ ነው። ከሞላው ጋር በጥርስ የተያያዘች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ጫፏ ላይ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ። ዘንጓ ስትፈጥን ክንፎቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ግድግዳውን ታክከው ፍጥነቱን ይይዙታል። ያ «ጥርርር» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዘይቱ ከደረቀ ዘንጓ ትንቀራፈፋለች። መድኃኒቱ የደረቀውን ማጠብና በመርፌ ጫፍ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ማስነካት ነው። ግራሶ በጣቱ የሚለቀልቅ ጠጋኝ ካያችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ። የማርቆሱ ሰው እዚህ ላይ እጁ ወርቅ ነው። ካቻቢቴውን ሲይዝ እንኳ ይለያል።

አንድ ሌላ ነገር፤ ቁጥሮቹ የሚጀምሩት ከየት እንደሆነ እዩ። ስዊድን አገር ይሠራበት የነበረው ማዞሪያ 0ን ከ1 በፊት ነው ያስቀመጠው። እዚያ 0 አንድ ቆረጣ፣ 1 ሁለት ቆረጣ ነው። የእኛን አካባቢ መነሻ ቁጥር 058 በዚያ ብትደውሉ 169 ሆኖ ይሄዳል። ሱቋ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ አይቻለሁ። ሰውዬው ራሱ ልብ አላለውም ነበር።

እኔ የገዛሁት ጥቁሩን ኤሪክሰን ነው። የዚህ ስልክ መልክ የወጣው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዣን ሃይበርግ የሚባል የኖርዌይ ሠዓሊ ነው ቅርጹን ያወጣለት። የእኔው ዘግይቶ የተሠራ ነው። 3,000 ብር ከፈልኩ። ከባድ ነው፣ ክብደቱም ጥቅም አለው። ስታዞሩት ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ቀጥዬ የወሰድኩት ግራጫው የጀርመን ስልክ ነው፤ እሱ ፕላስቲክ ነው። በ1,800 ብር አገኘሁት። ቀላል ስለሆነ በአንድ እጅ ሲያዞሩት ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል። ሥሩ የጎማ ቁራጭ አጣብቄለታለሁ። በመስኮት በኩል የነበረው ጎኑ ወደ ቢጫነት ሄዷል፤ ፀሐይ የነካው ፕላስቲክ እንዲህ ነው። ድምፁ ግን ከጥቁሩ ይጠራል። መምረጥ ካለብኝ ለሳሎን ጥቁሩን፣ ለመኝታ ቤት ግራጫውን።

ሦስተኛውን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አመጣችልኝ። የድሮ መስሎ የተሠራ አዲስ ስልክ ነው። ወርቅማ፣ እጀታው እንጨት መሳይ። ማዞሪያ የመሰለው ነገር አይዞርም። ቀዳዳ በመሰሉት ክቦች ውስጥ የሚጫኑ ቁልፎች ናቸው ያሉት። በልቤ አፈርኩበት፤ ለልጅቷ ግን አልነገርኳትም። በኋላ ጥቅሙን አገኘሁት፤ እመለስበታለሁ።

ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? የእኔ ቤት መስመር የድሮው የመዳብ ገመድ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከስልኩ ሦስት ወይም አራት ሽቦ ከወጣ የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ ጠጋኙን ጠይቁ። ሰካሁት፣ ቶን (ደውሉ የሚለው ድምፅ) ሰጠ፣ ደወልኩ፣ ሠራ። ኢንተርኔቱም በዚያው መስመር ስለሚመጣ ያለ ስፕሊተር (ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለያየው ትንሽ ሳጥን) ስሰካው ጆሮዬ ላይ ይንሿሿ ነበር፤ ስፕሊተር ሲገባ ጸጥ አለ።

ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ቤት ግን ሌላ ታሪክ ነው። እሷ ፋይበር አስገብታለች። ስልኩ የሚሰካው ራውተሩ ላይ ነው። ሰው ሲደውልላት ደወሉ ይጮኻል፣ ትነጋገራለች። ራሷ ስታዞር ግን ቶኑ እንኳ አይቋረጥም። ራውተሩ የሚያውቀው የቁልፍ ስልክ የሚልከውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ቆረጣ መቁጠር አያውቅም። ሁሉም ራውተር እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። ቆረጣውን ወደዚያ የቁልፍ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሊያስመጣ ይችላል። እህቴ «ለመቀበል ይበቃኛል» ብላ ተወችው። ስለዚህ ፋይበር ያላችሁ ሰዎች ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት የሰው ስልክ ተውሳችሁ ሞክሩ።

ሞባይል መደወል ትዕግሥት ይጠይቃል። አሥር ቁጥር ነው፣ ያውም በ09 የሚጀምር፣ ሁለቱም ከማዞሪያው መጨረሻ ያሉት ረጃጅሞቹ። በ07 የሚጀምር ትንሽ ይሻላል። መሐል ላይ ከተሳሳታችሁ ዘግቶ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ወደ ቢሮና ወደ ባንክ ስደውል ደግሞ «ለአማርኛ እንዲህ ይጫኑ» ይለኛል። ምኑን ልጫነው? ያኔ ነው የእህቴ ልጅ ስጦታ የሚወጣው። በአንዱ መስመር ሁለቱንም ሰክቻለሁ፤ በጥቁሩ ደውዬ፣ ማሽኑ ሲያወራ ወርቅማውን አነሳና እጫናለሁ። አስቂኝ ነው፣ ግን ይሠራል።

የሚያስደስተኝ መብራት ሲጠፋ ነው። የመዳብ መስመር ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ማዕከሉ ነው፤ 48 ቮልት ያህል በሽቦው ይዞ ይመጣል። ማዕከሉ ኃይል እስካለው ድረስ የእኔ ቤት ቢጨልምም ስልኩ ይጮኻል። ደወሉ ሁለት የብረት ጎድጓዳና መሐላቸው የሚወዛወዝ መዶሻ ነው። ጓሮ ቡና እየለቀምኩም ቢሆን ይሰማኛል። ስትጠግኑት ግን ከመስመር ንቀሉት። በሚጮኽበት ጊዜ በሽቦው የሚመጣው ከ70 ቮልት በላይ ነው፤ ጣት ይቆነጥጣል። ክረምት ላይ፣ ነጎድጓድ ሲጀምር፣ እኔ ከነጭራሹ እነቅለዋለሁ። በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ሽቦ መብረቅ ይዞ እንዲገባ አልፈልግም።

እማዬ ሞባይል ላይ ትጮኻለች። አገር ይሰማል። በጥቁሩ ስልክ ስታወራ ግን ድምፅዋ ይረጋል። የድሮ ስልክ የተናጋሪውን ድምፅ ለራሱ ጆሮ ትንሽ መልሶ ያሰማል፤ ለዚህ ይመስለኛል። ዳንቴል ሠርታ ልታለብሰው ፈልጋ ነበር፤ በስንት ልመና አስቀረኋት። የዳንቴሉ ጠርዝ መነጋገሪያው የሚያርፍባቸውን ሁለት ጉጦች ወደ ታች እንዳይወርዱ ከያዘ መስመሩ ክፍት ሆኖ ያድራል፤ ለሚደውልላችሁም ሰው ሁልጊዜ «ተይዟል» ይላል።

ስለ ጉጦቹ ካነሳሁ አይቀር፣ የቢሮ ጊዜ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ያኔ አለቆች ሠራተኛው እንዳይደውል ማዞሪያውን በትንሽ ጓጉንቸር ይቆልፉት ነበር። ቁልፉንም በኪሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ጉጦቹን ግን የሚቆልፋቸው የለም። እነሱም ሲጫኑ መስመሩን ይቆርጣሉ። 3 ለመደወል ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርጎ መታ መታ፣ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ ቀጣዩን። 0 አሥር ጊዜ ስለሆነ ያደክማል። የቢሯችን ተላላኪ በዚህ ዘዴ ሙሉ ቁጥር ሳይስት ይደውል ነበር። የስልክ ሂሳቡ ሲመጣ የነበረውን ጉድ ግን እዚህ አልጽፈውም።

ሱቋን እመክራለሁ? አዎ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ። ጥገናው አሪፍ ነው። ዋጋው እንደ ሰው ገጽታ ይለያያል፤ ከመኪና ወርዳችሁ አትግቡ። ዋስትና ደረሰኝ ምናምን አትጠብቁ፤ ቃሉን ግን ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ መበየጃ ካውያው ስለሚግልና ሥራ ስለሚበዛበት ጠዋት ሂዱ። ለጌጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው የተሰነጠቁትን በርካሽ ይሰጣል፤ እነሱን እኔ አልፈርድባቸውም።

አሁን መደርደሪያው ላይ አንድ አረንጓዴ የጀርመን ስልክ አለ። ማዞሪያው በልኩ ይመለሳል፣ ደወሉም ደህና ነው። ከመነጋገሪያው ወደ ስልኩ የሚሄደው ጥቅልል ገመድ ግን የለውም። ሰውዬው ተራ ሽቦ አስሮ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ገመዱ ካልተገኘ አልገዛውም ብያለሁ። ቤቱ የተበላሸ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የጀርመን ስልክ ያለው ሰው ካለ፣ ገመዱን ብቻ ልግዛው።