ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ያለችው ፋርማሲ

ወንድሜ ባይፖላር የሚባለው ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም አለበት፤ ለእሱም ሊትየም የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። ማኒያው፣ ማለትም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ የሚልበት ጊዜ፣ ሲነሳ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክት ደም ውስጥ ከፍ ሊል እንደሚችል አንብቤ ነበር። ጥርሱን ሲያመው "አይቡፕሮፌን ሕመምም ብግነትም ስለሚቀንስ ለጥርሱም ለማኒያውም ይሆነዋል" ብዬ እዚህች ፋርማሲ ገባሁ።

ልጅቷ ክኒኑን ይዛ "ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ እንዴ እህቴ?" አለችኝ። ሊትየም ስላት ወዲያው መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። አይቡፕሮፌን ኩላሊት ሊትየምን በደንብ እንዳያስወጣ ያደርጋል፤ ደም ውስጥ ሲከማች ይመርዛል። ብግነቱ ከሕመሙ ጋር ይያያዛል፣ መንስኤው ይሁን ውጤቱ ግን ገና አልለየም አለች።

ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። "የእጁ መንቀጥቀጥ ከባሰ፣ ካስመለሰው ወይ ካስቀመጠው ቶሎ ሐኪም ጋ" ብላ በካርቶን ቁራጭ ጻፈችልኝ። ካርቶኗ አሁንም ፍሪጃችን ላይ ተለጥፋለች።

መቀመጫ የላቸውም፣ ማታ ወረፋው ይረዝማል። እኔ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ።