ሐዋሳ ላይ ለኪራይ የሚገዛው የቱ ነው፦ ባለ ሰርቪስ ግቢ ወይስ ጅምር ጂ+2?

«ትንሽ ብር ይዣለሁ፣ ባንክም አበድርሃለሁ ብሎኛል። ሐዋሳ ላይ ሰርቪስ ያለው ግቢ ልግዛ ወይስ ጅምር ጂ+2?» ጥያቄው ከወዳጅም ከዘመድም ስለሚመላለስ መልሱን ከወዲሁ መናገር ይሻላል። የመጀመሪያችሁ ከሆነ ግቢውን ግዙ። ጂ+2 ከመንገድ ሲያዩት ዓይን ይስባል። ደላላም እሱን ማስቀደሙ አይገርምም፤ ኮሚሽኑ ከሽያጩ ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ ነውና። ኪስ ውስጥ የሚቀረው ሲቆጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል።

በዋጋው እንጀምር። የብር ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ስለሆኑ የምታዩትን ቤት ዋጋና የሰፈሩን ኪራይ እየተካችሁ አስሉ። 200 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ዋና ቤትና ሰባት ሰርቪስ ያለው ግቢ 4.5 ሚሊዮን ተጠየቀ እንበል። ዋናው ቤት በወር 12,000፣ እያንዳንዱ ሰርቪስ 3,000 ቢከራይ በወር 33,000፣ በዓመት 396,000 ነው። ዋጋውን ለዓመት ኪራዩ ስታካፍሉት 11.4 ይመጣል። ግብርና ጥገና ሳይነሳ ቤቱ ዋጋውን የሚመልሰው በአስራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው ማለት ነው። ጅምሩ ጂ+2 ደግሞ በ11 ሚሊዮን ተገዝቶ 4 ሚሊዮን ማጠናቀቂያ ይፈልግ። ስድስት ባለ ሁለት መኝታ ቤቶች በ14,000 ቢከራዩ በወር 84,000፣ በዓመት 1,008,000 ያስገባሉ። 15 ሚሊዮን ለዚህ ሲካፈል 14.9 ነው። ብዙ ገዢ 84,000 ከ33,000 ስለሚበልጥ ብቻ ይህቺን ማካፈል ይዘላታል።

አራት ሚሊዮኑም በአራት ሚሊዮን አይቆምም። ጅምር ላይ የሚቀረው ሥራ ውዱ ሥራ ነው፦ አሉሚኒየም፣ ሴራሚክ፣ የሳኒተሪ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ መስመር። አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዶላር ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግማሽ ላይ የቆመ ሕንፃ የያዘ ሰው የያዘው ፕሮፎርማ ዋጋ አልነበረውም። ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ደግሞ ኪራይ አያስገባም፤ ወለዱ ግን ይቆጥራል።

ወለዱን በቁጥር ማየት ይበጃል። ከጂ+2ው 15 ሚሊዮን ውስጥ 7ቱን ሚሊዮን ከባንክ ወሰዳችሁ እንበል። በ18 በመቶ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል 7 ሚሊዮን ብር ብድር በወር 112,700 ገደማ ይጠይቃል። ስድስቱም ቤት አንድ ወር እንኳ ባዶ ሳይሆን 84,000 ነው የሚያስገባው። ቀሪው 28,700 በየወሩ ከደመወዝ ይወጣል። ግቢውን 3.5 ሚሊዮን ከራሳችሁ ከፍላችሁ 1 ሚሊዮን ብቻ በዚያው ወለድ ለአምስት ዓመት ብትበደሩ ግን የወር ክፍያው 25,400 አካባቢ ነው። ኪራዩ ይሸፍነዋል፣ ወደ 7,600 ይተርፋል፣ በአምስት ዓመትም ከዕዳ ትወጣላችሁ። የብድር ዘመን ሲረዝም የወሩ ክፍያ ቀለል ያለ መስሎ ይታያል እንጂ ጠቅላላው ይከብዳል፤ ያው 7 ሚሊዮን በ15 ዓመት ወደ 20.3 ሚሊዮን ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ባንኩ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ ሳይሆን የራሱ ኢንጂነር በገመተው ላይ ነው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ከገበያው በታች ይወርዳል። ስለዚህ «70 በመቶ እናበድራለን» ሲባል የምን 70 በመቶ እንደሆነ ጠይቁ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የብድር እድገትን በ14 በመቶ ገድቦ ኋላ ጣሪያውን ከፍ ቢያደርገውም፣ ባንክ ኮታው ሲያልቅበት የጸደቀ ብድር እንኳ ሊያዘገይ ይችላል። የብድሩ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ ቀብድ አትክፈሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

ካርታ ላይ አጭር ነገር፦ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ካርታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ዕዳ ስንት ቀርቷል፣ ዕዳና እገዳ አለበት ወይ የሚለውን ሻጩ ባመጣው ኮፒ ሳይሆን ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ካለው ፋይል አጣሩ። ፎርጅድ ካርታ የሚያዘው እዚያ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ፣ ውርስ ከሆነ የወራሾች ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል። «ውል ብቻ» ያለው የጨረቃ ቤት ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተዉት። ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም፣ የምትሸጡለትም እንደ እናንተ የደፈረ ሰው ብቻ ነው። ለስም ዝውውር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው ላይ ደምሩ፣ ሌላውን ክፍያ ማን እንደሚችለውም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ግቢ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚበላው ግን ጥገና ነው። መጀመሪያ ግድግዳው። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም የተቀባ ጭቃ ቤት «ብሎኬት ነው» ተብሎ ይሸጣል። ዋና ማብሪያውን አጥፉና የአንዱን ሶኬት ክዳን በጠመንጃ መፍቻ ፍቱት፤ ከበስተኋላው ቡናማ አፈርና ጭድ ካያችሁ ጭቃ ነው፣ ግራጫና ሻካራ ከሆነ ብሎኬት። ጭቃ ቤት መግዛት ነውር የለውም፤ ዋጋው የቦታ ዋጋ ይሁን እንጂ። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን በረጅም ሚስማር ወጋ ወጋ አድርጉት። ሚስማሩ ያለ ግፊት ከገባ ምስጥ ቋሚውን በልቶታል፣ ልስኑ ብቻውን ነው የቆመው።

ቀጥሎ የሽንት ቤት ጉድጓድ። ሐዋሳ ላይ ከግድግዳም ከጣሪያም በላይ የሚያከስረው ይህ ነው። ወደ ሐይቁና ወደ ረግረጉ በተጠጉ ዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። በየካቲት ጉድጓዱን ስታዩት ደረቅና ጥልቅ ይመስላል፤ በነሐሴ ውሃው ከታች ይገባና ያለ ፍሳሽም ይሞላል። 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 12 ሜትር ኩብ ይይዛል። ግማሹን የከርሰ ምድር ውሃ ከያዘው ሰባት ሰርቪስ ያለበት ግቢ በዓመት ብዙ ጊዜ የመምጠጫ መኪና ይጠራል። ጎረቤት ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ «መኪናው በክረምት ስንቴ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሻጩ የማታገኙትን መልስ ታገኛላችሁ። መኪናው ጉድጓዱ ድረስ መግባት መቻሉንም በዓይናችሁ እዩ፤ በሩ ጠባብ ከሆነ ቱቦ ይቀጠላል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ሦስተኛው መብራት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢስብ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ሰርቪሶች ግን ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ገመድ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) ሲሠሩ ይታያል። ሁለት ተከራይ ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲሰኩ ገመዱ ልስኑ ውስጥ ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል። መፍትሔው ማድ ቤት ውስጥ ለምጣድ ብቻ የሚሆን፣ ከቆጣሪው በራሱ ብሬከር የሚወጣ አንድ መስመር በባለ 6 ገመድ መዘርጋት፣ ክፍሎቹን ደግሞ በ2.5 ማደስ ነው። ገመድ ስትገዙ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በ100 ሜትር ጥቅል ባለ 2.5 ገመድ ውስጥ መዳቡ ብቻውን 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከነልባሱ ከዚያ ያነሰ ጥቅል ጽሑፉ ምንም ቢል 2.5 አይደለም። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርካሽነቱ አያታልላችሁ፤ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው።

የጋራ ቆጣሪም ሌላ ጣጣ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በበዛ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያስወድዳል። ስምንት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላል፣ ጠቡም ከወር ወር አይጠፋም። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ፤ እርከኑን ባያወርደውም ማን ስንት እንደተጠቀመ ይለያል። ለውሃ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አስፈላጊ ነው፤ 16 ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም ለሦስት ቀን ይበቃል። ሙሉው ሮቶ ሁለት ቶን ስለሆነ ማቆሚያው በእንጨት አይሠራ።

ከኪራዩ የሚተርፈውን እቁብ ግቡበትና ሲደርሳችሁ አንድ አንድ ሰርቪስ የራሱ ሽንት ቤት እንዲኖረው አድርጉ። ኪራይን ከፍ የሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። 1.2 በ1.5 ሜትር መታጠቢያ ለመከለል ወደ 110 ብሎኬት ይበቃል፤ በካሬ 12.5 ነው፣ ስብራቱ ተጨምሮ። ሁለት ጎረቤት ክፍሎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው አንድ መስመር ይጋሩ። ፍሳሹ በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይሂድ፤ መታጠፊያው ላይ ማንሆል ይኑር። ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ ጎባጣ ቱቦ) ያልገባለት መታጠቢያ ሽታው ተከራይ ያስወጣል።

ተከራይ ላይ ግቢው ሌላ ጥቅም አለው። ከሰባቱ አንድ ሰርቪስ ባዶ ቢሆን ከወር ገቢያችሁ 9 በመቶ ይጎድላል፤ ከጂ+2ው ስድስት ቤት አንዱ ባዶ ሲሆን ግን ወደ 17 በመቶ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ለሠራተኞቹ ብቻ ብሎ ረድፍ ክፍል መሥራት ጥሩ ይመስል ነበር። በ2014 አጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሉ፣ ሲቋረጥ ሥራ የሚቀንስ ፋብሪካ አለ ማለት ባዶ ክፍል አለ ማለት ሆነ። ስለዚህ ግቢውን ቀላቅሉ፦ ዋናው ቤት ለቤተሰብ፣ ከሰርቪሱ ጥቂቱ ለተማሪ፣ ጥቂቱ ለመንግሥት ሠራተኛ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ እንዲከፈል ይላል። ጭማሪውም እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም። አፈጻጸሙን ከከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሻጩ «ኪራዩን ነገ ትጨምሩታላችሁ» እያለ ዋጋ ሲያስወድድ አትስሙት፤ ስሌቱ ዛሬ በሚከፈለው ኪራይ ይሁን።

ጂ+2 የሚያዋጣው ሰው አለ። አስፋልት ዳር ሆኖ ምድር ቤቱ ለሱቅ የሚከራይ፣ የግንባታ ፈቃዱና በባለሙያ የተፈረመው ፕላን ከነስሙ ያለ፣ ገዢውም ከዋጋው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን በጥሬ ገንዘብ የያዘ ከሆነ ይግዛው። ያኔም ኮለኑን በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ፣ ድምፁ ባዶ ከሆነ ወይም ብረቱ ውጭ ታይቶ ዝጎ ከሆነ፣ ዋጋ ከመጨቃጨቁ በፊት መሐንዲስ ይውሰድ።