የቀድሞው የገጠር ምርጫ ወረዳ ታሪክ በአንድ ጥራዝ፦ ጅማ መርካቶ አካባቢ የሚዘጋጀው ቅጂ

መርካቶ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ በትእዛዝ የሚያዘጋጀው ይህ ጥራዝ የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ከነጋሪት ጋዜጣ ገልብጦ ከጀርባው የከፋ ጠቅላይ ግዛትን ካርታ ያያይዛል። ጽሑፉ ግሩም ነው፤ ካርታው ግን ያሳስታል።

መጀመሪያ የሚነበበው ከአንቀጽ 93 እስከ 97 ያለው ነው። አንድ የምርጫ ወረዳ በተቻለ መጠን 200,000 ሰው ይይዛል፣ ሁለት እንደራሴ (የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል) ይልካል። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ተጨማሪ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያም ለየ50,000ው ሌላ አንድ ያገኛል። መራጩ 21 ዓመት የሞላውና የወረዳው ነዋሪ ከሆነ ይበቃዋል፤ ተመራጩ ግን 25 ዓመት የሞላው፣ በዚያው ወረዳ የሚኖርና ንብረት ያለው መሆን አለበት። የገጠሩ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ንብረት የሌለው ጭሰኛ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይወዳደርም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ፓርቲ ስላልነበረ የፓርቲ ስም መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ካርታው የጅማን፣ የሊሙን፣ የከፋን አውራጃ በቀለም ለይቶ «የምርጫ ወረዳ» ብሎ ጽፎባቸዋል። ትልቅ ስህተት ነው። የሕጉ መለኪያ የሕዝብ ብዛት እንጂ የአውራጃ ወሰን አይደለም። የዛሬዎቹን የወረዳ ስሞች እላዩ ላይ መደረቡ ደግሞ ግራ መጋባቱን አብሶታል። ካርታውን አስቀርቶ ጽሑፉን ብቻ ማዘዝ ይሻላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ይታይ። ሽፋኑ የመጀመሪያውን ምርጫ «1957» ይላል፤ ይህ የፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ የ1950 መጀመሪያ። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ሲደረግ ቆይቶ ምክር ቤቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ተበተነ።

የኅትመቱ ችግር ከአገላለበጡ ይመጣል። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውን በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ ዓምድ ያትማል። ወፍራሙ ጥራዝ መስታወቱ ላይ ተጭኖ ካልተዘረጋ መሃሉ ይጠቁራል፤ በቀኝ ገጽ የአማርኛው መስመር መጀመሪያ፣ በግራ ገጽ የእንግሊዝኛው መጨረሻ ይበላል። ስለዚህ ከመጠረዙ በፊት አንቀጽ 93 ያለበትን ገጽ አስወጥቶ ማየት፣ ቁጥሮቹ ካልተነበቡ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ እንዲያነሱት መጠየቅ። ጥራዙም በሽቦ ይሁን፤ በሙጫ ከሆነ የውስጥ ጠርዙ እንደገና ይዋጣል።