ሰርቨር ለተበላሸባችሁ ሁሉ፦ ይህን ልጅ ጥሩት

የማመሰግነው ሰው ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። የዕቃ መዝገባችንም ሆነ የዱቤ ደንበኞቻችን ዝርዝር ያለው ፍሪቢኤስዲ በሚባለው፣ የዩኒክስ ዝርያ በሆነ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት በሚሠራ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው። ሰኔ 30 ተቃርቦ፣ ለዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ ስንነሳ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ቀረ።

ከእርሱ በፊት የመጡትን አልጠራም፤ እግዚአብሔር ይይላቸው። አንዱ ቁልፍ ሲነካካ ዋለና «የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሙ እንኳ አልከፈት ካለ ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ሌላው ገና ሳይቀመጥ ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለ፤ ከዚያ «ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫን» አለ። የዓመት ሂሳብ ይጥፋ! ለዚህ ምክር የከፈልኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህ ልጅ ሲመጣ ምንም ሳይነካ ጠየቀ፦ «ከመበላሸቱ በፊት ምን ተጨመረ?» አዲስ ዲስክ መገጠሙን ነገርነው። ሰርቨሩ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያገናኝ በሚያነብበት ኤፍኤስታብ በተባለ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ተሳስቷል። ማረሚያው የጠፋውም የተቀመጠበት የዲስክ ክፍል ገና ስላልተገናኘ ነው አለን፤ ዲስኩ ደህና ነው። ያ ክፍል ባይገናኝም የሚከፈት፣ ኢድ የሚባል፣ ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈውን ማረሚያ ከፈተ። ገጹን ዘርግቶ አያሳይም፤ ሥራው መስመር በመስመር ነው፤ ሲሳሳቱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይወረውራል። ሲያስቀምጥ አንድ ቁጥር ብቅ አለ። የሚከፈለው ሂሳብ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የፋይሉ መጠን ኖሯል። ሰርቨሩ ተነሳ።

እልልታችን ሳያበቃ ሆን ብሎ አጠፋው! ልቤ ቆመ። «ዛሬ እኔ አለሁ፤ ሌላ ቀን ብትቸገሩስ?» አለና ያንኑ ጥቁር ስክሪን መልሶ አመጣው። ሬስኪው በተባለ ማኅደር ውስጥ፣ ሌላው ክፍል ባይገናኝም ብቻውን የሚነሳ ቪአይ የሚባል ማረሚያ አለ። እርሱ ግን የስክሪኑን ጠባይ የሚነግረው ትንሽ ፋይል ካላገኘ መላ የለውም፤ ያንን ፋይል በችግር ቀን በሚገኝበት ቦታ አስቀመጠለት። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ከዚያ የመጋዘን ኃላፊያችንን ጠራ። በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። «አባባ፣ እርስዎ ይሞክሩት» አላቸው። ኮምፒውተር ሲነኩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ መስመር አርመው እስኪያስቀምጡ ድረስ አጠገባቸው ቆመ፤ ሲሳሳቱ እጁን አላስገባም፤ ሰዓቱንም አላየም። ትእዛዞቹን ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ወረቀት ላይ ጽፎ ሰርቨሩ ጎን ለጠፈላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳቸውን የሚችላቸው የለም፤ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያወራሉ።

ወገኖቼ፣ ጥሩት። ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም፤ ሥራውን አይቶ ዋጋውን ይናገራል፤ በተናገረው ላይም አይጨምርም። በእርግጥ ጥሩት። ስልኩን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ። እሁድ ግን አትድከሙ፣ አያነሳም።