ስታቢላይዘሬ በስምንት ወሩ፦ ጥዝታውን ያጠፋው እሱ አይደለም

እጄን አምፑ (የድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር) ላይ ሳሳርፍ የስፒከሮቹ ጥዝታ ቀነሰ። ሳነሳ ተመለሰ። እንደገና አሳረፍኩ፤ ቀነሰ። ይሄ የሆነው ስታቢላይዘሩን (የመብራቱን ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ሳጥን) በገዛሁ በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤት ሆነን። የድሮው ቴሌቪዥኔ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ጠጋኙ ፓወር ቦርዱን አውጥቶ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር አሳየኝ። ከዚያ በኋላ አዲሱን ቴሌቪዥን፣ አምፑንና የዲሹን ሪሲቨር እንዲሁ ግድግዳ ላይ መሰካት ፈራሁ። መርካቶ ሄጄ ባለ 2000 ቪኤ (የሚችለው ጭነት መጠን ነው) ሰርቮ ስታቢላይዘር ገዛሁ። የሪሌው ዓይነት ርካሽ ነበር፤ ግን ቮልቴጅ በተቀየረ ቁጥር ቋ፣ ቋ ይላል። ሰርቮው ውስጥ ትንሽ ሞተር አለች። የካርቦን ብሩሽ የሽቦ ጥቅልሉ ላይ እያንሸራተተች ቀስ አድርጋ ታስተካክላለች።

ሥራውን ይሠራል፤ በዚህ አልከሰውም። ማታ ጎረቤት ምጣድ ሲያበራ የመግቢያው ቁጥር ከ220 ወደ 170ዎቹ ሲወርድ አያለሁ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የኛ መስመር ደግሞ ቀጭን ነው። መውጫው ግን እዚያው 220 አካባቢ ነው። መብራት ሲመለስም ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው። ቴሌቪዥኔ እስካሁን ደህና ነው።

ከሻጩ ጋር ግን ጉዳይ አለኝ። «ወንድሜ፣ ይሄን ከሰካህ መብራቱ ይጠራል፣ ድምፁም እንደ ውሃ ኩልል ይላል» ብሎኝ ነበር። አመንኩት። ቤት ገብቼ ስሰካው ስፒከሮቹ እንደ በፊቱ ጥዝዝ ይላሉ። ዘፈን ሲጮህ አይሰማም። ፊልም ላይ ሰው ዝም ሲል ነው ጎልቶ የሚመጣው። የስፒከር ሽቦ ቀየርኩ። ከሪሲቨሩ ወደ አምፑ የሚሄደውን ኬብልም ቀየርኩ። ሁሉም ከኪሴ ወጣ፤ አንዱም አልረዳኝም። ወንድሜ ሆይ፣ ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው የቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ነው። ጥዝታ ሌላ በሽታ ነው። አላውቅም ብትለኝ ኖሮ አላዝንብህም ነበር።

የእጄን ነገር ካየሁ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የዲሹን ኬብል ሪሲቨሩ ላይ ስጠምድ ሁልጊዜ ጣቴን ይነዝረኝ ነበር። ባለሙያ ጠራሁ። መልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ አምፑ ብረት ላይ፣ ሌላውን እርጥብ መሬት ላይ አደረገ። ከ100 ቮልት በላይ አነበበ። ከዚያ የግድግዳውን ሶኬት ፈታው። ሁለት ሽቦ ብቻ። «ጋሼ፣ ኧርዝ የለውም እኮ» አለኝ፤ ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛው ሽቦ ማለቱ ነው።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ውስጥ ረብሻን ወደ መሬት የሚያወርድ ማጣሪያ አለ። መሬት ከሌለ ረብሻው ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ በዲሹና በድምፁ ኬብል በኩል መውጫ ይፈልጋል። አምፑ ያንን አጉልቶ ያሰማል። እጄ ለደቂቃ መሬት ሆኖለት ነበር። ስታቢላይዘሩ ባለ ሦስት እግር ነው፤ ግን ከግድግዳው ያልመጣ ኧርዝ ከየት ያመጣል?

እዚህ ጋ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመጣ ሌላ ሠራተኛ «የሶኬቱን ኧርዝ ከኒውትራሉ ጋር እናገናኘው፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል» ብሎኝ ነበር፤ ኒውትራል ከሁለቱ ሽቦ መመለሻው ነው። እንኳን እምቢ አልኩ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የዕቃው ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ልጆቼ የሚነኩት ዕቃ ነው። ማንም ቢላችሁ አትስማሙ።

ለኧርዙ የመዳብ ዘንግ ከግድግዳው ውጭ፣ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው በቧንቧው በኩል ተቀበረ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ እስከ ሶኬቱ ተዘረጋ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ቆጣሪው ጋ አስገባን። ባለ ብዙ ቀዳዳውን ዲቫይደር ጣልኩት፤ ውስጡ የኧርዝ መስመር አልነበረውም። አሁን ሦስቱም ዕቃዎች ከአንድ ደህና ዲቫይደር ነው የሚወስዱት፣ ዲቫይደሩ ከስታቢላይዘሩ።

ማታ ላይ ምንም ሳልከፍት ድምፁን ከግማሽ በላይ ጨመርኩ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። በጣም ስስ የሆነ ሽው የሚል ነገር ብቻ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «አልበራም እንዴ?» አለች።

ስታቢላይዘሩን ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ። ግን መጀመሪያ ሶኬቱን አስፈትቼ ነው። የጎረቤቶቼንም ፈትተን አየን፤ ሦስቱም ቤት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ባለሙያው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።